ወደ ፍሬድሪክ ካውንቲ ልንሄድ ነው፤ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚለው ሕግ አሁንም አለ?

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቤት ኪራዩ ስለከበደን ወደ ፍሬድሪክ ካውንቲ ለመውጣት እያሰብን ነው። እናቴ አብራኝ ነው ያለችው። ስኳር አለባት፤ እንግሊዝኛ አትችልም። እዚህ ክሊኒክ ስትሄድ በስልክ ከአማርኛ አስተርጓሚ ጋር ያገናኟታል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እዚያ እኮ ካውንቲው ከእንግሊዝኛ ውጪ አያስተናግድም» አለችኝ። በዚያ ላይ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው የትራምፕ ትእዛዝ አለ። እናቴ ሐኪም ፊት ዝም ብላ እንድትቀመጥ አልፈልግም። የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

አስተርጓሚዋ፦
እህቴ፣ እኔ እዚሁ ፍሬድሪክ ነው የምኖረው። ሥራዬም ሕክምና ቤት ማስተርጎም ነው። ባልደረባሽ የነገረችሽ የድሮውን ነው። ካውንቲው እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው በፈረንጆች 2012 ነበር። ኦገስት 2015 ላይ የካውንቲው ምክር ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሻረው።

ሕጉ በነበረበት ጊዜም የሚመለከተው የካውንቲውን ሥራና ወረቀት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በምን ቋንቋ ይወራ አላለም። ግን ስንት ሰው ሕጉን ያነባል? የሚሰማው ወሬውን ነው። «እንግሊዝኛ ብቻ» ሲባል የሰማች እናት አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ትፈራለች። ቀጠሮዋን ትተዋለች፣ ወይ የልጅ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። አንድ ሕፃን የአያቱን የኩላሊት ሕመም ለሐኪም ማስረዳት የለበትም።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ማግለሉን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አልተሻረም። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ ለእናትሽ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስታስይዢ ቋንቋዋ አማርኛ መሆኑን አስመዝግቢ። ደርሳችሁ «አንቺው ተርጉሚላት» ቢሉሽ እሺ አትበይ። የመድኃኒት መጠን ላይ ስህተት ቢፈጠር የምትጎዳው እሷ ናት።

የማርች 2025ቱ የትራምፕ ትእዛዝ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2000 ክሊንተን ያወጣውን ሽሯል። የክሊንተኑ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያዝ ነበር። አዲሱ ደግሞ አገልግሎቱን አቁሙ አይልም፤ ውሳኔውን ለየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይተወዋል። ስለዚህ እንደ ሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ አበል የሚከፍለው) ባለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጉዳይ ካላት ከመሄዳችሁ በፊት ደውለሽ አጣሪ።

ናሽቪል ነኝ፦
እኛም ጋ፣ ቴነሲ ውስጥ፣ ሞክረውት ነበር። ጃንዋሪ 2009 ላይ የከተማው ሥራ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። 57 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሰው እንቢ አለ። ከንቲባው ካርል ዲን ተቃውሞት ነበር፤ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መሪዎችም እንደዚያው። ያኔ ከእኛ ሰው ዜግነት ያልነበረው ብዙ ነው። ድምፅ የሰጡልን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይሄን አልረሳውም።

ከዲሲ፦
በተቃራኒው የሄደም አለ። ዲሲ በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥቶ አማርኛም እዚያ ውስጥ ገብቷል። የከተማው ቅጾች በአማርኛ ይገኛሉ። ወደዚህ ብትመጡስ? ኪራዩ ግን እዚህም ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

የእማዬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አስተርጓሚዋ፣ አንድ ልጨምር። እናቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ድምፅ አትሰጥም። እንዲህ ያለ ሕግ እንደገና ቢመጣ ምን ማድረግ ትችላለች?

አስተርጓሚዋ፦
መናገር ትችላለች። ምክር ቤቱ ሕግ ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ ያደርጋል። እዚያ ለመናገር ዜግነት አያስፈልግም። እሷ በአማርኛ ትናገር፤ እኔ መጥቼ አስተረጉምላታለሁ።