የድሮ ዘመን የወንጀል ልቦለድ፦ ፖሊስ በሌለበት ማን ይመርምር?

የሆጤዋ (ደሴ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን የመጽሐፍ ወዳጆች። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀን መኪናው ላይ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙልኝ ደግሞ የወንጀል ልቦለድ ላይ አጎነብሳለሁ። በተለይ ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃችን ሲወርድ ጋቢ ተከናንቤ ሳነብ ዓለሜ ነው።

ሰሞኑን አንድ የትርጉም ልቦለድ ጀምሬ ነበር። ታሪኩ የዛሬ ስንት መቶ ዓመት የሆነ ነው። መርማሪው ግን የዘንድሮ ፖሊስ ነው። ሰዓት ያልገባበት ሰፈር ገበሬውን አቁሞ «ከምሽቱ ሦስት ከሩብ ላይ የት ነበርክ?» ይለዋል። መጽሐፉን ዘግቼ ተኛሁ። ገበሬውማ «ከብቶቹ ሲገቡ» ነው የሚለው፣ «እራት ሳይቀርብ» ነው የሚለው።

ይኼ የአያቴን ወሬ አስታወሰኝ። አያቴ የሐይቅ ሰው ነበረች። ልጅ ሳለች በሬ ተሰርቆ አገሩ ሁሉ አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ሌባው እስኪወጣ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጥበት የድሮ ምርመራ ነው። ሦስት ቀን ዋርካ ሥር። ሰው ስንቁን ይዞ ነው የመጣው። ታዲያ አንድ ሰውዬ ከስልቻው ቆሎ ይዘግናል፣ እጁ ላይ ያየዋል፣ ከዚያ መልሶ ስልቻው ውስጥ ይከተዋል። ደግሞ ይዘግናል፣ ደግሞ ይመልሳል። ሦስቱንም ቀን አንዲት ፍሬ አፉ አልገባችም። አያቴ ይኼን ነግራኝ ዝም ትላለች። ሌባው እሱ ይሁን አይሁን አልነገረችኝም።

እንዲህ ያለ ልቦለድ ነው የምፈልገው። በዘመኑ ዓይን የሚያይ፣ በዘመኑ ዘዴ የሚመረምር። የወሎ ቢሆንማ እንዴት ደስ ባለኝ! ጥቅምት 17 ቀን 1909 ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ወሬው ደሴ ሲደርስ ማን ማንን ጠረጠረ? በዚያ ሰሞን በንጉሡ ግብር ቤት፣ አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ሞቶ ቢገኝ ማን ይጠይቃል? ማንስ ይመልሳል? እስቲ የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

ኮምቦልቻ አንባቢ፦

እህቴ፣ የወሎውን አላውቅልሽም። ከውጭዎቹ ግን ሁለት አሉኝ።

አንደኛው የአጋታ ክሪስቲ ነው። ብዙ ሰው እሷን በእንግሊዝ ባላባት ቤት ነው የሚያውቃት። ግን ባሏ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ነበርና በጥንታዊት ግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ገደማ በፊት የሆነ አድርጋ የጻፈችው አንድ ልቦለድ አላት። መርማሪ የሚባል ሰው የለበትም። አባትዬው ወጣት ቁባት ይዞ ቤቱ ይመጣል፣ ከዚያ ሞት ይጀምራል። የሚጠራጠሩት ቤተሰቡ እርስ በርሳቸው ነው። አንቺ የምትይው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው የኡምቤርቶ ኤኮ ነው፤ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ የታተመው። 1327፣ ጣሊያን ተራራ ላይ ያለ ገዳም፣ ሰባት ቀን። መነኮሳት ይሞታሉ፣ ነገሩ ሁሉ ከመጻሕፍት ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሳነበው ዓይኔ ላይ የመጣው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ያ ሁሉ ብራና፣ ያ ሁሉ ጸሐፊ፣ ዙሪያውን ውኃ። መጨረሻውን አልነግርሽም። መጀመሪያው መቶ ገጽ ይከብዳል፣ አብሽሪ፣ ግፊበት።

አንባቢው (ወልዲያ)፦

በአማርኛ ከሆነ ይልማ ሀብተየስን ፈልጊ፤ የወንጀል ልቦለድን በአማርኛ ቀድመው ከጻፉት ነው። የስለላ ከሆነ ማሞ ውድነህ፤ የእኛው የዋግ ልጅ። «ኦሮማይ»ን አንብበሽዋል ብዬ ነው የማልጠቅሰው።

ጡረተኛው (ሰኞ ገበያ)፦

ልጄ፣ ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። አውጫጭኝን ግን ያወቅሁት ከአባቴ አፍ ነው፤ ልንገርሽ።

አገሩ ሁሉ ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ማሳው ቢያርም፣ ከብቱ ቢጠማም። ካልተገኘ ሁሉም አዋጥቶ የተሰረቀውን ይከፍላል። ስለዚህ ሁሉም መርማሪ ነው፣ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። ያየ ሰው ደግሞ «አየሁ» አይልም፤ «ወፊቱ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ስሙ እንዳይወጣ፣ ደም እንዳይቃባ። ለልቦለድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይሰጡታል?

ሌባ ሻይም ነበረ። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ወገቡን በገመድ ያስሩታል፣ ከዚያ በየደጁ ይለቁታል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው ተበላበት! ልጁ ወደ ደጅህ ሲመጣ ምን ይሰማሃል? ይኼን የሚጽፍልን ሰው እፈልጋለሁ።

የቆሎውን ሰውዬ ግን በቶሎ አትፍረጂበት። ወፊቱ ቂም የተያዘበትን ሰው ስምም ታነሳለች። ይኼን የሚያውቅ ንጹሕ ሰው አፉ ይደርቃል፤ ቆሎ በደረቀ አፍ አይበላም። ወይ ደግሞ ሌባውን ያውቀዋል። ወንድሙ ይሆናል፣ አማቹ ይሆናል። ከሌባው ይልቅ የሚጨነቀው እሱ ነው።

የሆጤዋ (ደሴ)፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሙ ሊሆን ይችላል ያሉት ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰውዬውን በልቤ ሌባ አድርጌው ኖሬያለሁ።

ኮምቦልቻ፣ የግብፁን መጽሐፍ ካለህ አውሰኝ፤ መልሼ እሰጥሃለሁ። ጥግ አላጥፍም።

አያቴ አርፋለች። ታናሽ እህቷ ግን ሐይቅ አለች፣ ጆሮዋም ደህና ነው። እሁድ ቡና ይዤላት እሄዳለሁ። በረካው ላይ ሲደረስ እጠይቃታለሁ፤ ሰውዬው ወንድም ነበረው ወይ?