መብራቱና ድምፁ ይሠራል፤ ሎኮሞቲቩ ግን አይንቀሳቀስም፣ ዲኮደሩም አይነበብም

ጥያቄ፦ ከአዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልኝ። በ1:87 ልኬት የተሠራና ድምፅ ያለው ዲኮደር (ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን የሚያሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የተገጠመለት ያገለገለ የቢግ ቦይ፣ ማለትም የአሜሪካው ዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ድርጅት ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ሞዴል በቅርቡ ገዝቻለሁ። በጎኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ ማለትም በ4014፣ ስጠራው የፊት መብራቱ ይበራል፣ ደወሉና ፊሽካውም ይሰማል፤ የፍጥነት ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ባዞረውም ግን ጎማው ንቅንቅ አይልም። የዲኮደሩን ማስተካከያ ቁጥሮች፣ ሲቪዎቹን፣ ለማንበብ በፕሮግራም ማድረጊያው ሐዲድ (ከዋናው ተለይቶ ዲኮደር ለማስተካከል በሚያገለግለው) ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ መቆጣጠሪያው «መልስ የለም» ይለኛል። ዲኮደሩ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ከሐዲድ 87

በመጀመሪያ ጎማዎቹንና ሐዲዱን በአልኮል ይጥረጉ። ለውጥ ከሌለ ሲቪ 8 ላይ 8 ቢጽፉ አብዛኞቹ ዲኮደሮች ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ በአድራሻ (በመጥሪያ ቁጥር) 3 ይጥሩት።

መልስ፦ ከፉርጎ

ጽዳቱ አይከፋም፤ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለሱን ግን ለጊዜው ያቆዩት፣ የቀድሞው ባለቤት ያስተካከለውን የድምፅና የፍጥነት ልክ ሁሉ ያጠፋብዎታል። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሲቪ 19ን ነው። ሎኮሞቲቩ ከሌላ ጋር ተጣምሮ እንዲጎትት ተደርጎ ከነበረ የጥምሩ አድራሻ እዚያ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ቁጥሩ ከዜሮ የተለየ እስከሆነ ድረስ ዲኮደሩ በራሱ አድራሻ የሚመጣለትን የፍጥነት ትእዛዝ አይቀበልም። (ቢግ ቦይን የሚያህል ጉልበተኛ ምን አጋር ያስፈልገዋል ይባል ይሆናል፤ የሞዴል ወዳጅ ግን ሁለቱን ካላጣመረ እንቅልፍ አይወስደውም።) በዋናው ሐዲድ ላይ እንዳለ በ4014 ጠርተው ሲቪ 19 ላይ 0 ይጻፉ፤ ለዚህ ማንበብ አያስፈልግም።

መልስ፦ ከብየዳ

የሲቪ 19 ሐሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዲኮደሩ ለምን እንደማይነበብ አያስረዳም። በፕሮግራም ማድረጊያው ሐዲድ ላይ ዲኮደር የሚመልሰው ለ6 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቢያንስ 60 ሚሊ አምፔር ተጨማሪ ኤሌክትሪክ በመሳብ ነው፤ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሞተሩን ለቅጽበት በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ሽቦ ከተቋረጠ ሎኮሞቲቩ አይሄድም፣ ዲኮደሩም መልስ መስጠት አይችልም፤ ሁለቱ ችግሮችዎ አንድ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። ሲያነቡ ጎማውን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ጤነኛ ከሆነ ትንሽ ንዝረት ይታያል። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴሎች ዲኮደሩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከኋላ በሚጎተተው የከሰልና የውሃ ጋሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ብርቱካናማና ግራጫ ሽቦዎች በመካከሉ ባለው ሶኬት ያልፋሉ፤ እሱን ነቅለው ይመርምሩት። ሞተሩ እየተንዘረዘረ ንባቡ ካልተሳካ ግን የድምፅ ዲኮደሩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ሐዲዱ ከሚፈቅደው በላይ ስለሚስቡ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ የሚሆን ማጎልበቻ መሣሪያ ይሸጣል።

ምላሽ፦ ከአዲስ ገቢ

ሲቪ 19 ላይ 0 ብጽፍም ለውጥ አልነበረም። ሶኬቱን ነቅዬ በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ከፒኖቹ አንዷ ጎብጣ ከቀዳዳዋ ውጭ ተጋድማ አገኘኋት፤ በመርፌ ጫፍ አቃንቼ ስሰካው ሎኮሞቲቩ ተነሣ፣ ንባቡም ተሳካ። ሲቪ 17 207፣ ሲቪ 18 174፣ ሲቪ 29 ደግሞ 39 ነው። የቀረኝ ጥያቄ፣ ወደ ፊት ሳዘው ወደ ኋላ የሚሄደው ስለምንድን ነው?

መልስ፦ ከፉርጎ

በሲቪ 29 ላይ ያለው 39 የ32፣ የ4፣ የ2 እና የ1 ድምር ነው፤ አቅጣጫውን የሚገለብጠው 1 ስለሆነ በ39 ፈንታ 38 ይጻፉ። 32ቱን ግን እንዳይነኩ፤ ረጅሙን አድራሻ የሚያሠራው እሱ ነውና ከወጣ ሎኮሞቲቩ 4014 ሲባል ዝም ብሎ በሲቪ 1 ላይ ባለው አጭር አድራሻ ብቻ ይታዘዛል። ረጅሙ አድራሻዎ በሲቪ 17 እና 18 ላይ በትክክል ተጽፏል፦ ከ207 ላይ 192 ቀንሰው 15ን በ256 ቢያባዙና 174 ቢደምሩ 4014 ይመጣልዎታል።