ቦይለራችን ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ነዋሪ ከሰሚት

ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር ተሰቅሏል፤ አከራያችን እንደሚሉት ከተገጠመ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀምሯል። መጀመሪያ ላይ የሚያንጠባጥበው ሲበራ ብቻ ስለነበር ባልዲ ከሥሩ እያስቀመጥን ቆየን፤ አሁን ግን ጠፍቶም አይቆምም፣ የሚወርደውም ውሃ ቡናማ መልክ ይዟል። ከእኛ በታች የሚኖሩት እናት የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ መርጠቡን በትሕትና ስለነገሩን ጉዳዩን ከዚህ በላይ ማሳደር አንችልም።

የጠራነው የቧንቧ ሠራተኛ ውሃው የሚወጣው በቀዝቃዛው መስመር ላይ ከተገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ መሆኑን ነግሮን፣ ቀዳዳውን በመድፈኛ ሊዘጋው ሐሳብ አቅርቧል። ባለቤቴ ደግሞ ታንኩ ራሱ ስለተበሳ አዲስ መግዛት ይሻላል ይላል። ቦይለሩ በርቶ ሳለ እጄን ስታጠብ ከቧንቧው ላይ ቀለል ያለ ንዝረት የተሰማኝ ጊዜም አለ፤ ይህ ከውሃው ጋር ይያያዝ እንደሆነ አላውቅም። ለቧንቧ ሠራተኛው መልስ ከመስጠቴ በፊት የሚያውቁ ሰዎችን ምክር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

እህቴ፣ ስለ ውሃው ከመነጋገራችን በፊት ንዝረቱ ይቅደም። ይህን እንዳነበቡ የቦይለሩን ብሬከር ያውርዱ፤ ጥገናው እስኪያልቅም ማንም እንዳያነሣው ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ። በመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ማጥፊያ መጫን ብቻውን አይበቃም፤ በብዙ ቤቶች ይህ ማጥፊያ አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሚቆርጥ፣ ሽቦዎቹ ሲዘረጉ ተገላብጠው ከሆነ ቦይለሩ የጠፋ መስሎ ኤሌክትሪክ ውስጡ ይቀራል። የጠቋሚ መብራቱ መጥፋትም ማረጋገጫ አይሆንም፣ መብራቱ ራሱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላልና።

ንዝረቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ነገር በአንዱ ነው። ወይ ውሃውን የሚያሞቀው የሬዚስታንሱ የውጭ ብረት ተሰንጥቆ ውሃው ውስጡ ያለውን ሽቦ ነክቶታል፤ ወይ የሚያፈሰው ውሃ ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ቴርሞስታትና የሽቦ መጋጠሚያዎቹ ላይ እየወረደ ነው። የኧርዝ ሽቦው በትክክል ከተገጠመ ያፈተለከው ኤሌክትሪክ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፤ ካልተገጠመ ግን መንገዱ በውሃውና በብረቱ ቧንቧ አልፎ የሚታጠበው ሰው ይሆናል። ብሬከር አለን ብላችሁ እንዳትተማመኑ አደራ እላለሁ። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር የሚወድቀው ከዚያ በላይ ሲያልፍበት ነው፤ የሰውን ልብ ለማቆም ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ያነሰው ይበቃል። ስለዚህ በቦይለሩ መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ እንዲገጠምላችሁ አከራያችሁን ጠይቁ። ከሌሎቹ ወጪዎች ሁሉ ይህን አስቀድሜ ባወጣ እመርጣለሁ።

መልስ፦ በቧንቧ ሥራ ላይ ያለሁ

ሴፍቲ ቫልቩን ለመድፈን የቀረበላችሁን ሐሳብ በፍጹም አትቀበሉ። በሥራ ላይ የተደፈነ ቫልቭ ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ሌላ ሥራ አይሄድም፤ መጀመሪያ እርሱን አስከፍታለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በ80 ሊትር ቦይለር ይህ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይጠጋል። ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ የሞቀው ውሃ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስ የሚከለክል ክፍል ስላለ፣ ቧንቧ ሳይከፈት ቦይለሩ ከሞቀ ይህ ትርፍ ውሃ መሄጃ የለውም፤ በታንኩ ውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ቫልቩ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ 8 ባር ሲደርስ፣ በትንሿ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ከዚያች ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ውሃ የጤና ምልክት ነው። ቀጭን ጎማ ገጥማችሁ፣ ቁልቁል እንዲወርድና ጫፉ ክፍት እንዲሆን አድርጋችሁ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ትመሩታላችሁ እንጂ አትዘጉትም።

ቀዳዳው ተደፍኖ ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ሳይቆርጥ ቢቀርስ? አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በታሸገ ታንክ ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ እጅግ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ታንኩ በተቀደደ ቅጽበት ያ ሁሉ ውሃ በከፊል ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ግድግዳ የሚያፈርስ ኃይል ያወጣል።

ወደ እናንተ ቦይለር ስመለስ፣ የሚያንጠባጥበው ጠፍቶም ቀዝቅዞም ሳለ ከሆነ ውሃው ሲሞቅ መጠኑ መጨመሩ ብቻውን አያስረዳውም። ውሃው ከየት እንደሚወጣ ማንም በግምት እንዳይነግራችሁ፣ ራሳችሁ ለዩት። ብሬከሩ ወርዶ ቦይለሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፤ ከዚያም በሰማያዊ ምልክት በሚታወቀው የቀዝቃዛ መግቢያ፣ በቀዩ የሙቅ መውጫ፣ በሴፍቲ ቫልቩ አፍና በፕላስቲኩ ክዳን ጠርዝ ላይ ሶፍት ጠቅልላችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት ቦታውን ይነግራችኋል። ከላይ የሚወጣ ውሃ የቦይለሩን ሆድ ተከትሎ ዝቅ ወዳለው ነጥብ ስለሚወርድ፣ ዓይን ያየው የመጨረሻው ጠብታ ብዙ ሰው ያሳስታል።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሩን። ቦይለሩ ውሃ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው ወይስ በቀጥታ ከከተማው መስመር? በፈረቃ የሚመጣው የከተማ ውሃ ሌሊት ተጠቃሚ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል፤ እናንተ ያላችሁበት ፎቅ ላይ ከሮቶ የሚወርደው ግን በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ብቻ ስለሚያገኝ 8 ባሩን ቫልቭ ሊያስከፍት አይችልም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ በብዙ ቤቶች ያሉት ማሞቂያዎች ወለል ላይ የሚቆሙ ትልልቅ ታንኮች ናቸው፤ ቫልቫቸውም በግፊትም በሙቀትም የሚከፈት፣ 150 ፒኤስአይ (10 ባር ገደማ) ወይም 99 ዲግሪ ሲደርስ ውሃውን የሚለቅ ነው። ይህን የማነሣው በቪዲዮ ያየነውን የዚህ አገር አሠራር እንዳለ ወደ ግድግዳ ቦይለር እንዳንወስደው ለማሳሰብ ነው። በአንድ ነገር ግን ልዩነት የለም፤ እዚህም የመልቀቂያ ቱቦውን ጫፍ መድፈን ክልክል ነው፣ ሰው ክዳን እንዳይገጥምበትም ጫፉ ላይ ጥርስ እንዲወጣለት አይፈቀድም።

ጠያቂ፦ ነዋሪ ከሰሚት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ብሬከሩ ወርዷል፤ ልጆቹንም ውሃ በምድጃ እያሞቅን እናጥባቸዋለን። ውሃችን የሚመጣው ከሮቶ ነው። እንደተባለው በሶፍት ፈተንነው፤ የሴፍቲ ቫልቩ ሶፍት ደረቅ እንደሆነ ሲቆይ በፕላስቲኩ ክዳን ጠርዝ ያለው ግን ቶሎ ረጠበ። ባለቤቴ ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍቶ ሲያይ፣ ሬዚስታንሱን የያዘው ክብ ብረት ዙሪያውን ዝጓል፤ በአንዱ ዳዶ ሥር ነጭና ቡናማ ነገር ተጋግሯል፤ ከዳዶው አጠገብ ያለው የሽቦ ጫፍም አረንጓዴ ሆኗል። ይህ ማለት ታንኩ ተበስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ በቧንቧ ሥራ ላይ ያለሁ

የግድ አይደለም፤ እንዲያውም ያያችሁት ነገር ተስፋ ይሰጣል። ያ ክብ ብረት ፍላንጅ ይባላል፤ በእርሱና በታንኩ መካከል ያለው ጎማ በሙቀት ብዛት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውሃው በዙሪያው ይወጣል። ሽቦው አረንጓዴ የሆነው ይኸው ውሃ ስለደረሰበት ነው፤ የንዝረቱም ምክንያት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። የተበሳ ታንክ ግን በአብዛኛው በሌላ መንገድ ይታወቃል፤ ውሃው በታንኩና በውጭው ቆርቆሮ መካከል ያለውን ፎም አርሶ በቆርቆሮው መገጣጠሚያ ወይም ሽቦ በሚገባበት ቀዳዳ ይወርዳል፣ ፍላንጁ ዙሪያ ሲደርቅም አይቆምም።

ቁርጡ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። ቀዝቃዛው መግቢያ ይዘጋል፤ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ይከፈታል፤ የሴፍቲ ቫልቩ እጀታ ተነሥቶ ወይም ፍሌክሲብሉ ተፈትቶ ታንኩ ባዶ ይሆናል። ፍላንጁ ከሬዚስታንሱ ጋር ሲወጣ አብሮት የሚወጣውን የማግኒዚየም ዘንግ፣ አኖድ የሚባለውን፣ በደንብ ተመልከቱት። የቦይለሩ ታንክ ብረት ሆኖ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ነው፤ ልባጡ በተሰነጠቀበት ሁሉ ዝገት ብረቱን እንዳይበላ ማግኒዚየሙ በፋንታው ይበላል። ዘንጉ ጣት የሚያህል ውፍረት ካለው ገና ይሠራል። በመሐሉ የሚያልፈው ቀጭን ሽቦ ብቻ ከቀረ ግን ጠባቂው ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ተከፍቶ መታየት የነበረበትም ለዚህ ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ሬዚስታንሱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ስለሚበዛ ጊዜውን ማሳጠር ይበጃል።

ከዚያ በስልክ መብራት የታንኩን ውስጥ እዩ። ከታች የተከማቸው ዝቃጭ ታጥቦ ሲወጣ ግድግዳው ለስላሳና ያልተበሳ ከሆነ፣ የፍላንጁም መቀመጫ ዝገቱ ሲፋቅ ጠንካራ ብረት ከተገኘበት፣ አዲስ ጎማ፣ አዲስ አኖድና አዲስ ሬዚስታንስ ተገጥሞለት ብዙ ሊያገለግላችሁ ይችላል። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ይዛችሁ ሄዳችሁ ገዝታችሁ ኑ፤ የጎማው ቅርጽና የዳዶዎቹ ብዛት ከቦይለር ቦይለር ይለያያል። በጎማው ፋንታ ሲሊኮን ልቀባ የሚላችሁን አትስሙ። ዳዶዎቹም በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉት እየተፈራረቁ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠበቁ፤ በአንድ ወገን ብቻ የጠበቀ ፍላንጅ ጎማውን አጣሞ መልሶ ያፈሳል።

ታንኩ ተበስቶ ከተገኘ ደግሞ ለጥገና ገንዘብ አታውጡ። ብየዳ የውስጡን ኢናሜል ስለሚያቃጥለው ከተበየደው ጎን በአጭር ጊዜ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ማጣበቂያም ግፊቱንና ሙቀቱን አይችልም።

መልስ፦ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል የነበርኩ

በሕንፃችን እንዲህ ያለ ጉዳይ በተደጋጋሚ ስላጋጠመ ስለ ጎረቤትና ስለ አከራይ ጥቂት ልበል። የዛገውን ፍላንጅና የረጠበውን ጣሪያ ፎቶ አንሥታችሁ ለአከራያችሁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ላኩላቸው፤ በቃል የተነገረ ነገር ኋላ ያከራክራል። በዕድሜ ያረጀ የቤት ዕቃ ጥገና በተከራይ ላይ እንዲወድቅ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ቢሆንም ውላችሁ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አንብቡ። ከታች ላሉት እናትም ውሃውን መዝጋታችሁን ሄዳችሁ ንገሯቸው። ጣሪያቸውን ቀለም ለመቀባት ግን አትቸኩሉ፤ ኮንክሪቱ በደንብ ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ተልጦ ይወድቃል።

ቦይለሩ ለጥገና በሚወርድበት ጊዜ የተሰቀለበትን ግድግዳም አስፈትሹ። ውሃ የሞላ 80 ሊትር ቦይለር ከነብረቱ 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ለወራት ሲረጥብ የኖረ ብሎን ዝጎ ከሆነ፣ ወይም ብሎኬቱ ዙሪያውን ከተፈረፈረ፣ ግድግዳውን ዘልቆ ከጀርባ በብረት ሳህን በሚታሰር ብሎን ይተካ። ከሥሩ ሕፃናት የሚታጠቡበት ዕቃ ነው።

ጠያቂ፦ ነዋሪ ከሰሚት

ባለሙያ መጥቶ ከፈተው። ከአኖዱ የቀረው ሽቦው ብቻ ነው፤ ጎማው ሲነካ ይፈረፈራል፤ ሬዚስታንሱም አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ታንኩ ግን ታጥቦ ሲታይ ያልተበሳ ሆኖ ተገኘ፣ የፍላንጁም መቀመጫ ደህና ነው። አከራያችን የዕቃውን ወጪ ሊሸፍኑ ተስማምተዋል። ነገ ይገጠማል፤ ከገጠምን በኋላ ወዲያውኑ ማብራት እንችላለን?

መልስ፦ በቧንቧ ሥራ ላይ ያለሁ

ወዲያውኑ አይበራም። አስቀድሞ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ተከፍቶ ቀዝቃዛው መግቢያ ይለቀቅ፤ ከቧንቧው አየር እየተቆራረጠ መውጣቱን ትቶ ውሃ ሳያቋርጥ እስኪወርድ ጠብቁ። ታንኩ ሳይሞላ የበራ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ከሞላ በኋላ ቧንቧውን ዘግታችሁ፣ ብሬከሩ እንደወረደ፣ ፍላንጁ ዙሪያ ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ሶፍቱ ጠዋት ደረቅ ከሆነ ክዳኑ ይገጠም። ሴፍቲ ቫልቩም ቦይለሩን ያህል ዕድሜ ካለው በዚሁ አጋጣሚ ቀይሩት፤ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቦይለሩ ማመልከቱን አይታችሁ አስገጥሙ፣ በየወሩም እጀታውን አንዴ አንሥታችሁ ውሃ መልቀቁን አረጋግጡ።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት አረንጓዴ የሆነው የሽቦ ጫፍ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይላጥ፤ የኧርዙ ሽቦም በታንኩ ብረት ላይ መታሰሩንና በሌላኛው ጫፉ በእርግጥ መሬት ማግኘቱን ባለሙያው በመለኪያ አይቶ ያሳያችሁ። ካበራችሁ በኋላ ቧንቧውን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት በቴስተር ይፈተን፤ ቴስተሩ ከበራ ብሬከሩን መልሳችሁ አውርዱና ምክንያቱ እስኪገኝ ማንም አይታጠብበት።