እናቴ ዋና አትችልም፤ ለጉልበቷ የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ እንዴት ትጀምር?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ሁለቱንም ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ሐኪሙ አርትራይተስ ነው ብለው ውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ እንድትሠራ መክረዋታል። አቅራቢያችን ያለው ገንዳ ጣሪያ የለውም፤ ጥልቀቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ይጀምርና 2 ሜትር ይደርሳል። ለትልልቅ ሰዎች ረቡዕና አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትምህርት አለ ተብለናል። ዋና አትችልም፣ ውሃም ትፈራለች። የት ትቁም? ምን ትልበስ? የመጀመሪያ ቀን ምን ትሥራ?

ፊዚዮቴራፒስት
ዋና መቻል አያስፈልጋቸውም፤ ለጉልበት የሚጠቅመው ቆሞ የሚሠራው ነው። ዋናው ነገር ጥልቀቱ ነው። ውሃው ወገብ ላይ ሲደርስ እግር የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ግማሽ ያህል ነው፤ ደረት ላይ ሲደርስ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ 90 ሴንቲ ሜትሩ ላይ አይቅሩ፤ መካከለኛ ቁመት ካላቸው 1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 ያለው ቦታ ይሻላቸዋል።

የመጀመሪያ ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። በአንድ እጃቸው ጠርዙን ይዘው 5 ደቂቃ ወደፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይራመዱ። ወደፊት ሲሄዱ ተረከዛቸው ቀድሞ ይረፍ። ጀማሪን ውሃው ስለሚያነሳው በጣቱ ጫፍ ይሄዳል፣ ባቱም የሚሸማቀቀው በዚህ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሁለት እጅ ይያዙ፦ ተረከዝን ወደ ኋላ ማጠፍ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ እግርን ወደ ጎን ማንሳት 10 ጊዜ፣ በግማሽ ቁጢጥ ብሎ መነሳት 8 ጊዜ። በመጨረሻ ቀስ ብለው 3 ደቂቃ ይራመዱ።

አይፍጠኑ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የውሃው ግፊያ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ከወጡ በኋላ ሕመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ። ከተስማማቸው በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመራችሁ እስከ 40 አድርሱት።

የዋና አሰልጣኝ
ፍርሃቱን አትናቁት። የፈራ ሰው ትከሻውን ሰቅሎ ትንፋሹን ይይዛል፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ጉልበቱን ማላላት አይችልም። መጀመሪያ አገጫቸው ውሃ እስኪነካ ዝቅ ብለው በአፋቸው ቀስ እያሉ ይተንፍሱ፣ ውሃው ይንቦጭቦጭ። አሥር ጊዜ ይድገሙት።

ቀጥሎ የሚማሩት ከተንጋለሉበት መነሳትን ይሁን፤ ወለሉ 1 ሜትር ላይ እያለ ሰው የሚደነግጠው መቆም ሲያቅተው ነው። ጉልበትን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ አገጭን ወደ ደረት ማምጣት፣ ሁለቱን መዳፍ ወደ ታች መጫን፤ እግር ራሱ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ጭንቅላት ወደ ኋላ ከተጣለ ግን እግር አይወርድም። አሰልጣኙ ከጎናቸው ቆሞ ጀርባቸውን ይደግፍ።

ገንዳ የምንከባከብ
የእኔ ስጋት ሰዓቱ ነው። ጣሪያ የሌለው ገንዳ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ውሃው በጣም የሚበርድበት ነው። ለአርትራይተስ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ከ27 በታች ከሆነ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ጥቅሙም ይቀራል። ቴርሞሜትር አስገብተው እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ግን ፀሐዩ ከባድ ስለሆነ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት አይርሱ።

ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ ክሎሪን በዝቷል አትበል፤ ብዙ ጊዜ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ሥራውን የጨረሰ ክሎሪን ነው። በጥልቁ በኩል የወለሉ ማፍሰሻ ጥርት ብሎ ካልታየ አይግቡ። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ከሆነ በደንብ ታጥበው፣ የዋና ኮፍያ አድርገው ይግቡ፤ ቅቤ ክሎሪኑን ይበላል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቡዕና አርብ ትጾማለች፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ፍልውሃ ብንወስዳትስ ይሻል ይሆን?

ፊዚዮቴራፒስት
ባዶ ሆድና የግፊት መድኃኒት ላይ ገንዳ መግባት ሲጨመር ያዞራል። ማክሰኞና ቅዳሜ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆዩ። የፍልውሃ ሙቅ ውሃ ሕመም ያስታግሳል፣ ግን ማረፊያ እንጂ እንቅስቃሴ የሚሠራበት አይደለም። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ መቆየት ግፊቱን ያወርደዋል፤ አጭር ይሁን።

ሌላ አባል
የልብሱን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እግር ላይም ይጠመጠማል። የናይለን ታይትና እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይሁን፣ እግራቸው ላይ የማያንሸራትት የጎማ ጫማ። መውጫውን ቀድመህ እይ፤ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ብቻ ከሆነ ለጉልበታቸው አይሆንም፣ መደገፊያ ያለው ደረጃ ያስፈልጋል። ሲወጡ ያነሰ የሚያማቸው እግር ቀድሞ ይውጣ፣ ላይኛው ደረጃ ላይ ቆም ብለው ይተንፍሱ። ፎጣና ጋቢ ይዘህ እዚያው ጠብቃቸው፤ የውሃው ግፊት ከሰውነታቸው ላይ ባንዴ ስለሚነሳ የሚያዞራቸው በዚያች ደቂቃ ነው።