ራፒድ ቴስቱ ሄፓታይተስ ሲ ፖዘቲቭ ያለው የቲቢ ታካሚ፦ መድኃኒቱን አሁን ወይስ በኋላ?

ጤና መኮንን፣ ጅማ ዙሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁም። 45 ዓመት የሆነው ታካሚ አለን፤ የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ 6ኛ ሳምንቱ ነው። የሄፓታይተስ ሲ ራፒድ ቴስቱ ፖዘቲቭ ሆኗል። የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲ 84 (የላብራቶሪው ጣሪያ 40)፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 140 ሺህ። ዓይኑ ቢጫ አልሆነም፣ ሆዱም ውኃ አልያዘም። ኤችአይቪ ነጋቲቭ ነው። ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ባህል መድኃኒት ሊያስጠጡት ተነስተዋል። የሲውን መድኃኒት ከቲቢው ጋር እናስጀምረው? ለቤተሰቡስ ምን እንበል?

ላብ ቤት፦
ቅድሚያ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ራፒድ ቴስቱ የሚያየው አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን) ብቻ ነው። ከተያዙት ሰዎች ሲሶ ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ቫይረሱን ራሳቸው ያጠፉታል፤ አንቲቦዲው ግን ይቀራል። ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የአርኤንኤ (ፒሲአር) ምርመራ ግድ ነው።

ናሙናውን ወደ ጅማ ስትልኩ ተጠንቀቁ። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳ። አረንጓዴው ቱቦ ሄፓሪን ስላለበት ፒሲአሩን ያውካል። ቱቦውን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት እንጂ አትናጡት። ፕላዝማው በ24 ሰዓት ውስጥ ተለይቶ በቅዝቃዜ ይላክ። መኪና ውስጥ ሙቀት ላይ የዋለ ሙሉ ደም ቫይራል ሎዱን (በደሙ ያለውን የቫይረስ መጠን) ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ያኔ ቫይረሱ ያለበት ሰው «የለብህም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ፋርማሲስት፦
አብራችሁ አታስጀምሩት። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የሲውን መድኃኒቶች፣ ሶፎስቡቪርንም ዳክላታስቪርንም፣ ከደም ውስጥ በጣም ያወርዳቸዋል። ታካሚው 12 ሳምንት ሙሉ ሳያጓድል ቢውጥም ሕክምናው ሊከሽፍ፣ ቫይረሱም መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንዲሁ ናቸው።

ሄፓታይተስ ሲ ጉበትን የሚጎዳው በዓመታት እንጂ በወራት አይደለም፤ ቲቢው ግን አይጠብቅም። የቲቢውን 6 ወር ያስጨርሱት፣ ሪፋምፒሲን ካቆመ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ሶፎስቡቪር 400 ሚሊ ግራም እና ዳክላታስቪር 60 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት። ሲሮሲስ (የጉበት ከባድ ጠባሳ) ካለ እስከ 24 ሳምንት ሊረዝም ይችላል።

የውስጥ ደዌ፣ ጅማ፦
በፋርማሲስቱ እስማማለሁ። ቁጥሮቹን ግን እንያቸው። ኤኤስቲው ከጣሪያው 2.1 እጥፍ ነው፤ በ100 ተባዝቶ ለፕሌትሌቱ 140 (በሺህ) ሲካፈል አፕሪው (የጉበት ጠባሳ መገመቻ ስሌቱ) 1.5 ይሆናል። ከ2 በላይ ቢሆን ሲሮሲስን በብርቱ እንጠረጥር ነበር፣ ከ1 በታች ቢሆን እንረጋጋ ነበር፤ ይህ መሃል ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ሪፋምፒሲን ሦስቱም ኤኤስቲን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ይህ 1.5 የቫይረሱ ይሁን የቲቢ መድኃኒቱ አይለይም። በዚህ ቁጥር ብቻ «ጉበትህ ጠባሳ ይዟል» እንዳትሉት። አልትራሳውንድ ይታይ፣ ቲቢው ሲያልቅ ስሌቱ ይደገም።

እስከዚያ በየ2 ሳምንቱ ኤኤልቲ ይታይ። ሳይታመም ከጣሪያው 5 እጥፍ ካለፈ፣ ወይም ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ ወይም የዓይን ቢጫነት ኖሮ 3 እጥፍ ካለፈ፣ የቲቢ መድኃኒቱን አቁማችሁ ቶሎ ላኩት። ለዚህ ሰው የባህል መድኃኒቱ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ጉበት ቢጎዳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። አረቄም ይቅር፣ ጫትም እንዲሁ። ቡና ግን አትከልክሉት፤ ለጉበት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አሁኑኑ ይሠራ። ሁለቱ አብረው ካሉ፣ ሲው ሲጠፋ ተደፍኖ የቆየው ቢ ሊነሳና ጉበቱን በሳምንታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

ላብ ቤት፦
ለቤተሰቡ፦ በሽታው በደም ነው የሚተላለፈው። አንድ ትሪ ላይ መብላት፣ መጎራረስ፣ በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት አያስተላልፍም። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ግን የግሉ ይሁኑ። በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው የሚበጣበት ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ያልተቀቀለ መሣሪያ፣ ሁለተኛ ጊዜ የተወጋበት መርፌ፣ ዋናዎቹ መንገዶች እነዚህ ናቸው። ደም ከፈሰሰ በጓንት ጠርጉት፣ ከዚያ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በ9 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ሚስቱም ትመርመር።

ጤና መኮንን፣ ጅማ ዙሪያ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሕክምናው ሲያልቅ ራፒድ ቴስቱን እንድገምለት?

ፋርማሲስት፦
አይ። አንቲቦዲው ከዳነም በኋላ ስለማይጠፋ እንደገና ፖዘቲቭ ይላል፣ ሰውየውም ያልዳነ መስሎት ይደነግጣል። የመጨረሻውን ክኒን ከዋጠ 12 ሳምንት ሲሞላው አርኤንኤ ይሠራለት፤ ካልተገኘ ድኗል። ይህን ካርዱ ላይ በግልጽ ጻፉለት፣ ነገ ሌላ ጤና ጣቢያ በራፒድ ቴስት ብቻ እንደገና መድኃኒት እንዳያስጀምረው። ክትባት የለውም፣ አንዴ መዳንም ዳግም ከመያዝ አያድንም።