ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ 4 ጊጋ ብቻ ያሳያል፣ ሌላው የት ገባ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ አለኝ። አብሮት በመጣው ፕሮግራም ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክፍል በፓስዎርድ ተቆልፏል። ፕሮግራሙ አሁን የለም። ስሰካው 4 ጊጋ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ፎርማት አደረግኩት፣ ያው 4። ፋይሎቹ አያስፈልጉኝም፣ ቦታውን ነው የምፈልገው። መላ አለው?

ኬብሉ፦ ፎርማት የሚያጸዳው የሚታየውን ክፍል ብቻ ስለሆነ መቶ ጊዜ ብትደጋግመው ለውጥ የለውም። የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ፣ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈትና ከ4 ጊጋው ጎን ከላዩ ጥቁር መስመር ያለው ባዶ ቦታ ካለ እይ። ካለ ቀላል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍተህ ዲስክ መከፋፈያው ዲስክፓርት ውስጥ ግባ፣ ሊስት ዲስክ በል፣ ፍላሽህን በመጠኑ ለይተህ ሴሌክት አድርገው፣ ከዚያ ክሊን በል፣ ክፍፍሉን ሁሉ ያጠፋል። ቁጥሩን ግን ደግመህ እይ! ክሊን «እርግጠኛ ነህ ወይ» ብሎ አይጠይቅም፣ ዲስክ 0 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ የራሱ ነው። ሲያልቅ አዲስ ፓርቲሽን (ክፍል) ፈጥረህ ፎርማት ታደርገዋለህ።

ጠያቂው፦ ጥቁር መስመር የሚባል ነገር የለም። ሊስት ዲስክም ጠቅላላው 3800 ምናምን ሜጋ ነው ይላል።

ቺፕ፦ እንግዲያው የከፈለው የፍላሹ ኮንትሮለር፣ ማለትም ፍላሹን የሚቆጣጠረው ቺፕ ነው። ቺፑ ራሱ ለኮምፒውተሩ «እኔ ባለ 4 ነኝ» እያለው ስለሆነ ዲስክፓርትም ሆነ ሊኑክስ የተቀረውን አያዩትም። ያንኑ ፕሮግራም ከአምራቹ ድረ ገጽ በሞዴሉ ፈልገው። ፓስዎርዱ ቢጠፋብህም ሁሉንም አጥፍቶ ክፍፍሉን የሚያነሳ ምርጫ ሊኖረው ይችላል። ካጣኸው ቺፕጂኒየስ የሚባል ፕሮግራም ኮንትሮለሩ የፊሰን ይሁን የሲሊኮን ሞሽን ወይም የሌላ ኩባንያ ይነግርሃል፣ ከዚያ ለዚያው ቺፕ የተሠራውን ኤምፒ ቱል ትፈልጋለህ። ፋብሪካ ውስጥ ፍላሹን የሚያዘጋጁበት ፕሮግራም ነው። የማይገጥመውን ቨርዥን ከሰጠኸው ፍላሹ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የሚገኘውም በየማይታወቅ ድረ ገጽ ስለሆነ ቫይረስ አለው ብለህ ግባበት። እኔ ብሆን ለ16 ጊጋ ይህን ሁሉ አልለፋም፣ ግን ያንተ ምርጫ ነው።

ኬብሉ፦ ቺፕ ያለው ልክ ነው፣ የኔን ተወው። ቢመለስም ዊንዶውስ 14.9 አካባቢ ነው የሚያሳይህ፣ አምራቹ በ1000 ሲቆጥር እሱ በ1024 ነው የሚያካፍለው። ያ የጠፋ ቦታ አይደለም፣ እሱን ፍለጋ እንዳትወጣ።