የደንበኛን ጉዳይ የያዘ ጽሑፍ በስልክ ላይ ለኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መስጠት፦ በኢንተርኔት የሚሠራው ይሻላል ወይስ በስልኩ ውስጥ የሚጫነው?

ጠያቂ (ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ)፦
በምሥራቅ ጎጃም ዞን በተለያዩ ወረዳ ፍርድ ቤቶች የምቆም ጠበቃ ነኝ። ረጃጅም የክስና የመልስ ጽሑፎችን ለማሳጠር፣ የአማርኛ አገላለጼን ለማቃናት፣ አልፎ አልፎም በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ውሎችን ቶሎ ለመረዳት በስልኬ ኤአይ እጠቀማለሁ። እስካሁን የያዝኩት በኢንተርኔት የሚሠራውን ሲሆን፣ ወደ ገጠር ወረዳዎች ስወጣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ያስቸግረኛል። ከዚህ የሚከብደኝ ግን የደንበኞቼ ጉዳይ ከስልኬ ወጥቶ የት እንደሚቀመጥ አለማወቄ ነው። ስልኬ አንድሮይድ ነው፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 6 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 128 ጊጋባይት ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሞዴል (የኤአይ ፕሮግራም) ብጭን ሥራዬን ይሸፍንልኛል?

መላሽ (የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ወሳኙ ማከማቻው ሳይሆን ራሙ ነው፤ ሞዴሉ በሚሠራበት ጊዜ በሙሉ ራም ላይ መቀመጥ አለበት። የሞዴል መጠን የሚነገረው በቢሊዮን መለኪያዎች (ፓራሜትሮች፣ ማለትም ሞዴሉ ከሥልጠናው በያዛቸው ቁጥሮች) ሲሆን፣ ለስልክ እንዲሆን እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ ለአንድ ቢሊዮን መለኪያ ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 4 ቢሊዮን ሞዴል በተግባር ሁለት ጊጋባይት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። በእርስዎ ስልክ ላይ አንድሮይድ ራሱና ሌሎች መተግበሪያዎች ከሚይዙት የተረፈው ለዚህ በጭንቅ ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጥ ግን አይሞክሩ። ፖኬትፓል የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ሞዴሎችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያሠራል። ማውረዱን በዋይፋይ ያድርጉት፤ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ የሞባይል ዳታዎን ይጨርሰዋል። ስልኩ መሞቁና ባትሪው ቶሎ መውረዱ አይቀርም፤ ረጅም ጽሑፍ ሲሰጡት ደግሞ መልሱን ለመጀመር ጊዜ ይወስዳል።

መላሽ (በአማርኛ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ላይ የምሠራ)፦
ከላይ ያለው ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂያችን የሚሠሩት በአማርኛ መሆኑ መልሱን በብዙ ይለውጠዋል። ሜታ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው የላማ 3.2 ባለ 1 እና ባለ 3 ቢሊዮን ሞዴሎች በይፋ የሚደግፏቸው ቋንቋዎች ስምንት ሲሆኑ አማርኛ ከእነርሱ ውስጥ የለም። የጉግል ጀማ 3 በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባለ 4 ቢሊዮኑና ከዚያ በላይ ያሉት ከ140 በላይ ቋንቋዎችን እንደሚያውቁ ተገልጿል፤ ትንሹ ባለ 1 ቢሊዮን ግን ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ባለ 4 ቢሊዮኑ አማርኛ ያነብባል፣ ይመልሳልም፤ ሆኖም የጾታና የቁጥር ስምምነት ያፋልሳል፣ «ተከሳሽ» እና «ከሳሽ» የሚሉትን እስከማቀያየር ይደርሳል። በክስ ጽሑፍ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም።

ፍጥነቱም ሌላ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆራርጡበት ዘዴ ደግሞ በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተመቸ በመሆኑ፣ አንድ የአማርኛ ቃል ተመሳሳይ ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል በላይ ወደ ብዙ ቁራጭ ይከፋፈላል። በስልክ ላይ መልሱ የሚወጣው ቁራጭ በቁራጭ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስደስት ፍጥነት በአማርኛ ያሰለቻል። የእኔ አስተያየት፣ የእንግሊዝኛውን ውል በስልኩ ውስጥ ላለው ሞዴል ይስጡት፤ የአማርኛውን ማቃናት ግን በኢንተርኔት ለሚሠራው ይተዉት።

መላሽ (ጠበቃ፣ ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ «በኢንተርኔት ለሚሠራው ይተዉት» የሚለው ምክር ለእኛ ሙያ እንዳለ የሚወሰድ አይመስለኝም። የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ወደ ሌላ አገር ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታዎችን ይደነግጋል፤ እንደ ጤና ያሉ ጥንቃቄ የሚሹ መረጃዎች ደግሞ የበለጠ ጥበቃ አላቸው። የእነዚህ አገልግሎቶች ማሽኖች ያሉት በአብዛኛው ውጭ አገር ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ክርክሩን «ሀ የተባለ ሰው መ ለተባለ ሰው ብድር ሰጠ» ወደሚል ደረጃ አውርጄ፣ የሕግ ነጥቡንና የአገላለጹን ጉዳይ ብቻ እጠይቃለሁ። ስም መሰረዝ ብቻውን እንደማይበቃ ልብ ይበሉ፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ቀበሌው፣ የመሬቱ አዋሳኞችና የመዝገብ ቁጥሩ ካሉ ሰውየውን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። የመዝገቡን ፎቶ አንሥቶ መላክ በፍጹም አይደረግም። በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥም ንግግርዎ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል፣ ይህን የሚወስነውን ምርጫ እንደ አገላለጹ ያጥፉት ወይም ያብሩት፤ እንደየመተግበሪያው አቀማመጡ ይለያያልና በጥንቃቄ ያንብቡት።

ሁለቱም ዓይነቶች አንቀጽ ይፈጥራሉ። ለመፈተን ከፈለጉ ስለ ውል ይርጋ ይጠይቋቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 አሥር ዓመት እንደሚል እርስዎ ያውቃሉ። በስልኬ ውስጥ የጫንኩት ትንሹ ሞዴል በሙሉ ልብ ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። የሰበር መዝገብ ቁጥር ከጠቀሰልዎማ ውሳኔው የታተመበትን ቅጽ ራሱን ሳይገልጡ ወደ ችሎት አይውሰዱት።

መላሽ (የሕክምና አስተርጓሚ፣ ሜሪላንድ)፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስልኩ ላይ ያለ መተግበሪያ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ለምሳሌ የአፕል ኢንተለጀንስ (በአይፎን ላይ ያለው ኤአይ) ቀላሉን ሥራ በስልኩ ውስጥ ሠርቶ ከባዱን ወደ ኩባንያው ማሽኖች ይልካል። እርግጠኛ ለመሆን የሞባይል ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፍተው ይጠይቁት፤ ያኔ የሚመልስ ከሆነ በስልኩ ውስጥ እየሠራ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ምንም እንደማይልክ ግን በዚህ ብቻ አይረጋገጥም፤ ስለዚህ ምንጩ የታወቀ መተግበሪያ ይምረጡ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው የእንግሊዝኛ ውሎችን በስልኬ ውስጥ በሚጫነው፣ የአማርኛ አገላለጽን ደግሞ ደንበኛውን የሚለይ ዝርዝር አስወግጄ በኢንተርኔት እሠራለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የደንበኛን ቃል በድምፅ ቀርጬ ወደ ጽሑፍ መለወጥን የሚመለከት ነው፤ ይህ ያለ ኢንተርኔት ይቻላል?

መላሽ (በአማርኛ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ላይ የምሠራ)፦
ይቻላል፣ ነገር ግን ለአሁኑ አልመክርዎትም። ኦፕንኤአይ በ2022 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀው ዊስፐር የተባለው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሞዴል በስልክ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ሆኖም የአማርኛ ስሕተቱ ብዙ ነው፣ በስልክ ሊሠሩ የሚችሉት ትንንሾቹ ደግሞ ይብሳሉ። የባላገር ደንበኛ ንግግር፣ የሰውና የቦታ ስም ሲበዛበት፣ የሚወጣውን ጽሑፍ ከማረም ቀረጻውን እየሰሙ በእጅ መጻፍ ይፈጥናል። ድምፅ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ስም ሊሰረዝለት ስለማይችል፣ ወደ ኢንተርኔት አገልግሎት የመላኩን ነገር ከነጭራሹ ይተዉት።